ሲንተሳይዘሬን የተሸከመልኝ ሰው

ያን ቀን ሳስበው እስከ ዛሬ ፊቴ ይግላል። ብቻዬን ተቀምጬ፣ ማንም ሳያየኝ፣ ፊቴን በእጄ እሸፍናለሁ። ሰው የሙዚቃ መሣሪያ ገዛሁ ብሎ ያፍራል? እኔ አፍራለሁ። ለምን እንደማፍር ግን ከመጀመሪያው ካልነገርኳችሁ አይገባችሁም።

የምሠራው ፎቶ ኮፒ ቤት ነው። ቀኑን ሙሉ የሰው መታወቂያ፣ የሰው ዲግሪ፣ የሰው ውል ሳባዛ እውላለሁ። የራሴ የምለው ነገር የሚጀምረው ከሥራ በኋላ ነው። የዳንስ ሙዚቃ እሠራለሁ፤ ዘፋኝ የሌለው፣ ግጥም የሌለው፣ ከበሮና ቤዝ እየተመላለሰ ሰውን ላብ በላብ የሚያደርገውን ዓይነት። አራት ዓመት ሙሉ በአንዲት አሮጌ ላፕቶፕ ስሠራ ቆየሁ። ኖታውን በጣቴ አልጫወትም፤ በማውስ እየጎተትኩ ነው የምደረድረው። ሥራው ባልከፋ፣ ችግሩ መድረክ ላይ ነው። ላፕቶፔን ከፍቼ ስቆም ኢሜል የማነብ ነው የምመስለው። አንድ ጊዜማ አንዷ ልጅ ከጭፈራው መሐል መጥታ "ስልኬን እዚህ ጋ ቻርጅ ታደርግልኛለህ?" ብላኛለች። አደረግሁላት፤ ምን ላድርግ?

ስለዚህ ሲንተሳይዘር መግዛት ነበረብኝ። ድምፁን ራሱ የሚፈጥር፣ በእጅ የሚነካ፣ ማዞሪያ ያለው እውነተኛ ማሽን። ሁለት ዓመት አጠራቀምኩ። በዚያው ሁለት ዓመት ኢንተርኔት ላይ ስለ ማሽን ሲነታረኩ የሚውሉ ሰዎችን ሳነብ ከረምኩና መጨረሻ ላይ ከመጀመሪያው የባሰ ግራ ገባኝ። አንዱ ለጀማሪ ትንሽና ቀላል ይበቃዋል ይላል። ሌላው ትንሹን ገዝተህ በዓመቱ ከምትቆጭ አንዴ ጨክነህ ትልቁን ግዛ ይላል። ሁለቱም እርግጠኞች ናቸው። እኔ ደግሞ የገዛ ጆሮዬን አላምነውም ነበር። የማምነው የታላቅ ወንድሜን እጅ ነው።

ጋሼ ነው የምለው። በአሥራ አንድ ዓመት ይበልጠኛል። የብረት ወርክሾፕ ውስጥ ቶርኖ ላይ ይሠራል፤ ብረቱ በማሽኑ ሲሽከረከር እሱ በስለት እየላገ ዘንግ ያወጣል፣ ቡሎን ያወጣል። ሃያ ሁለት ዓመት እዚያ ጩኸት ውስጥ ቆሟል። ጆሮው ሄዷል። ጭራሽ አይሰማም ማለቴ አይደለም፤ ፊት ለፊቱ ቆመህ ስታናግረው መልስ ይሰጥሃል። የገዛ ድምፁን ግን ስለማይሰማው ሰላም ሲልህ የሚጣላህ ይመስላል።

እንግዲህ የሙዚቃ አማካሪዬ ይህ ሰው ነው። አትሳቁ። ማሽን ሲታመም የሚታወቀው በእጅ ነው ይላል። መዳፉን ቶርኖው ላይ ያሳርፍና "ኩሽኔታው ሊሄድ ነው" ይላል፤ በሳምንቱ ኩሽኔታው ይሄዳል። ከሥራ ሲመለስ በእኔ ክፍል በኩል ያልፋል። ስፒከሬ ላይ መዳፉን ያሳርፋል፣ ዓይኑን ይጨፍናል፣ ትንሽ ቆይቶ "እዚህ ጋ ይንሸራተታል፣ ጡሩምባ" ይለኛል። ጡሩምባ ያለኝ በሕፃንነቴ ሳለቅስ ሰፈሩን አስነሳ ስለነበር ነው። መልሼ ሳዳምጠው እውነትም ቤዙ ከከበሮው ጋር አልገጠመም። ሰው የጨፈረባቸው ሥራዎቼ በሙሉ በእሱ መዳፍ ያለፉ ናቸው። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ሲጠይቁኝ "ጆሮ ነው፣ ልምምድ ነው" እላለሁ። እፍረቴ የጀመረው እንግዲህ ከሱቁ በፊት ነው ማለት ነው።

የምገዛበት ቀን ደረሰና መልእክት ጻፍኩለት። "ጋሼ፣ ዛሬ ከሰዓት ሱቁ ጋ ና። አንተ በእጅህ ካልመረጥክልኝ አልገዛም።"

"ቤት ገብቼ ልብስ ልቀይር?" ብሎ መለሰልኝ።

"ኧረ ተወው፣ ይዘጉብናል፤ እንዳለህ ና" አልኩት። ይህን ልብ በሉልኝ። እንዳለህ ና ያልኩት እኔ ነኝ።

ቀድሜው ደረስኩ። የሱቁ ምንጣፍ ወፍራም ስለሆነ ስትራመድ ኮቴህ አይሰማም። ማሽኖቹ በመደዳ ተደርድረው ትናንሽ መብራቶቻቸው ይበራሉ። ባለ ሱቁ ነጭ ሸሚዝ የለበሰ፣ በለሆሳስ የሚናገር ሰው ነው፤ ሰው አንድ ማሽን በነካ ቁጥር ከኋላው ተከትሎ በጨርቅ ይወለውላል። ይባስ ብሎ ጥጉ ላይ ኮፍያ ተቀምጧል።

ኮፍያ የምንለው የታወቀ ዲጄ ነው፤ በየሳምንቱ መጨረሻ የሚጨፈርበትን ትልቁን አዳራሽ የሚያዘው እሱ ነው። ኮፍያውን ሲያወልቅ ያየው ሰው ስለሌለ ፀጉር አለው የለውም እያሉ ይወራረዱበታል። ማን መድረክ እንደሚወጣ፣ ማን ደጅ እንደሚቀር የሚወስነው እሱ ነው። ሦስት ጊዜ ሥራዬን ልኬለት መልስ አልሰጠኝም። ያን ቀን ግን ቀና ብሎ አየኝና "አንተ የላፕቶፑ ልጅ አይደለህ እንዴ?" አለኝ።

የት እንደምገባ ጠፋኝ። ያውቀኛል! "ዛሬ ላፕቶፑን ልገላገለው ነው" አልኩት። ሳቀና ወንበሩን ወደ እኔ ጠጋ አደረገ። ምን እንደምገዛ ሊያይ መሆኑ ነው።

ባለ ሱቁ ሁለት ማሽን አቀረበልኝ። ትልቁ ስልሳ አንድ ቁልፍ፣ ባለ ቀለም ስክሪን፣ ፋብሪካው የሞላለት ከሺህ በላይ ድምፅ አለው። አንድ ጣት ስታሳርፍበት ድምፁ ክፍሉን ይሞላዋል። ትንሹ ያገለገለ ነው፤ የምሳ ዕቃ የሚያክል የብረት ሳጥን። ስክሪን የለው፣ የሚያስታውሰው ነገር የለው፤ በአንድ ጊዜ አንድ ድምፅ ብቻ ነው የሚያወጣው። ያገኘኸውን ድምፅ ደግሞ ማዞሪያዎቹን ካንቀሳቀስክ ደግመህ አታገኘውም። "ይህችን የሚወዷት ሰዎች አሉ" አለ ባለ ሱቁ፣ እሱ ከእነሱ እንደማይቆጠር በሚያስታውቅ አኳኋን።

ትልቁን እየነካካሁ፣ ኮፍያም ራሱን በአዎንታ እየነቀነቀልኝ ሳለ በሩ ተከፈተ።

"ጡሩምባ!"

ሱቁ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ዞረ። ጋሼ ሰማያዊ ቱታውን እንደለበሰ ነው፤ ጉልበቱ ላይ ዘይት አለ። እጁን ታጥቧል፤ በደንብ ታጥቧል፣ ከዓይበሉባው በላይ ቀልቷል፤ ግን የዘይቱ ጥቁረት ከመዳፉ መስመሮች በምን ይወጣል? ከጫማው ሥር የረገፈ የብረት ፍርፋሪ ምንጣፉ ላይ ሲያብለጨልጭ ባለ ሱቁ አየ። ባለ ሱቁ ሲያይ እኔም አየሁ።

ጋሼ ሰዎቹን ልብ አላላቸውም፤ ማሽኖቹን ነው ያየው። "እነዚህ ናቸው? ኦሆሆ!" እያለ መጣ። አንዱን የትልቁን ነጭ ቁልፍ ጫን አደረገና መዳፉን ሱሪው ላይ ጠርጎ ስፒከሩ ላይ አሳረፈ። "በል ምታው!"

ወፍራም ቤዝ መርጬ መታሁለት። ፊቱ አልተለወጠም። "ሌላ!" አለ። ሌላ ድምፅ መረጥኩ። አሁንም ሌላ። ዓይኑን ገለጠ።

"ባዶ ነው!" አለ፤ ጮኸ ማለት ይሻላል። "ላዩ ያብረቀርቃል እንጂ ከሥር ምንም የለውም! ቆርቆሮ ነው! ያቺ ሳጥንስ?"

ባለ ሱቁ ሳይወድ ትንሿን ሰካት። አንድ ማዞሪያ ወደ ግራ መለስ አደረግሁና ቁልፉን ተጫንኩ። ጋሼ አንዱን እጁን ስፒከሩ ላይ እንዳለ ትቶ ሌላውን ደረቱ ላይ አደረገ። "ይቺ ናት" አለ። "ይቺ እግሬ ድረስ ወረደች።"

እውነቱን ልንገራችሁ፤ እኔም ሰምቻታለሁ። ወለሉ ጫማዬ ሥር ሲንቀጠቀጥ ተሰምቶኛል። ትክክለኛዋ እሷ መሆኗን እንደ ስሜ አውቄያለሁ። ግን ኮፍያ አፉን በእጁ ይዞ ሳቁን ሲያፍን አየሁ። ባለ ሱቁም የጋሼ ጣት በነጩ ቁልፍ ላይ የተወውን ጥቁር አሻራ በጨርቁ እየጠረገ ነበር፤ ጠረገው፣ መልሶ ጠረገው። ኮፍያ ወደ እኔ ጎንበስ ብሎ በዝግታ ጠየቀኝ።

"ይሄ ሰውዬ ካንተ ጋር ነው እንዴ?"

ጋሼ አምስት እርምጃ ያህል ርቆ፣ ፊቱን ወደ እኛ አድርጎ ቆሟል። እኔም ድምፄን ዝቅ አደረግሁ። ዝቅ ካደረግሁት አይሰማም ብዬ ነው፤ ይህንንም አስቤበታለሁ፣ ያን ያህል ጊዜ አግኝቻለሁ።

"ኧረ አይደለም፤ ተሸካሚ ነው። ዕቃውን እንዲሸከምልኝ ነው ያመጣሁት" አልኩ። እዚያ ላይ ባቆም ምን ነበረበት? ማንም ሳይጠይቀኝ ጨመርኩበት፤ "ትንሽ ነካ ያደርገዋል መሰለኝ።"

ኮፍያ ከት ብሎ ሳቀ። አብሬው ሳቅሁ። ከዚያ ትልቁን እንደምወስድ ለባለ ሱቁ ነገርኩት።

ትልቁ በካርቶን ሲታሸግ አንድ ሰው የማይችለው ዕቃ ሆነ። ጋሼ እጁን ከስፒከሩ ላይ አነሣ። "ለምን እሱን?" ብሎ አልጠየቀኝም። መጣና ቁጢጥ ብሎ ካርቶኑን ትከሻው ላይ አወጣው። ባለ ሱቁ "ቀስ በል፣ ተሰባሪ ዕቃ ነው!" ብሎ ጮኸበት፤ ያ ሁሉ ለሆሳሱ የት እንደገባ እንጃ።

"እሺ፣ ጌታዬ" አለው ጋሼ። ባለ ሱቁን ማክበሩ መሰለኝ።

ከሱቁ እኔ ክፍል ድረስ የሃያ አምስት ደቂቃ መንገድ ነው። ጋሼ ሁልጊዜ ከጎኔ ሆኖ፣ ክንዴን እየጎሸመ፣ መንገደኛው እስኪዞር ድረስ እያወራ ነው የሚሄደው። ያን ቀን ሦስት እርምጃ ከኋላዬ ሆነ። ስዘገይ ይዘገያል፤ ስቆም ይቆማል። "ጋሼ፣ እንቀያየር፣ ደክሞሃል" አልኩት። ካርቶኑን ትከሻው ላይ አደላድሎ መሄዱን ቀጠለ። አልሰማኝም ብዬ ራሴን አጽናናሁ።

በሩን ከፈትኩለት። ከደፍ ወዲህ አልገባ አለ። ላቡ በአንገቱ እየወረደ፣ ካርቶኑን እንደተሸከመ ቆመ።

"የት ላስቀምጥልዎት፣ ጌታዬ?"

ሳቅሁ። ብቻዬን ነበር የሳቅሁት። አተኛኘቴን፣ አበላሌን፣ ጫማ አስተሳሰሬን ያስተማረኝ ሰው አንቱ ሲለኝ እየሰማሁ ሳቄ አፌ ላይ ደረቀ። ካርቶኑን ቀስ አድርጎ፣ ተሰባሪ ነው እንደተባለው፣ ከበሩ ሥር አወረደው።

"ጋሼ... ሰማኸኝ እንዴ?"

"አልሰማሁህም" አለ። "አየሁህ እንጂ። ወርክሾፕ ውስጥ አሥራ አራት ማሽን አብሮ ሲጮህ ሃያ ሁለት ዓመት በጆሯችን የምናወራ ይመስልሃል? ከማዶ ያለው ሰው አፉን ሲያንቀሳቅስ አይተን ነው የምንግባባው። አንተ ደግሞ ስትናገር አፍህ ቁልጭ ያለ ነው። ከልጅነትህ ጀምሮ።"

ይህን ሁሉ ያለው ዝግ ባለ ድምፅ ነበር። ጋሼ ዝግ ብሎ መናገር እንደሚችል አላውቅም ነበር። ቱታውን አራገፈና ሄደ። ያኔ ነው የገባኝ፤ እቤት ውስጥ "ምን አልክ?" የሚለኝ ጀርባዬን ሰጥቼ ሳወራ ብቻ ነበር። ስንት ዓመት አብሬው ኖሬ ይህን ልብ አላልኩም።

ከዚያ በኋላ ሦስት ሳምንት አልመጣም። መልእክት ስጽፍለት "ሥራ በዝቶብኝ ነው" ይላል፤ ለሚስቱ ስደውልላት "ደክሞት ተኝቷል" ትለኛለች፤ ከኋላዋ የእሱ ጩኸት ይሰማኛል።

ማሽኑ ግን ያምራል፤ አልዋሽም። ሺህ ድምፁን አንድ በአንድ ሞከርኩ። በሄድፎን ስሰማው የትልቅ ሰው ሥራ ይመስላል። ኮፍያም አልረሳኝም፤ አንድ ከሰዓት አዳራሹ ውስጥ ለሙከራ እንድጫወት ጠራኝ። መብራት የሚያስተካክሉ፣ ወለል የሚጠርጉ፣ ወሬ የሚያወሩ ሃያ የሚሆኑ ሰዎች ነበሩ። ከዚህ በፊት ሌላ ቦታ በላፕቶፔ ስጫወት ወለል የሚጠርገው ሰው እንኳ መጥረጊያውን ይዞ ይወዛወዝ ነበር። አሁን ማንም ንቅንቅ አላለም። ኮፍያ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። "ያምራል" አለኝ፤ "ግን ሰው ቆሞ ነው የሚያዳምጠው። ከሥሩ የሆነ ነገር ጎድሎታል።"

የጎደለው ነገር እግሩ ድረስ ሲወርድ የተሰማውን ሰው ተሸካሚ ብዬዋለሁ፤ ለኮፍያ ምን ብዬ ልንገረው? መሣሪያዬን ሰብስቤ ወጣሁ።

በማግስቱ ሱቁ ሄድኩ። ትንሿ ሳጥን ታችኛው መደርደሪያ ላይ አቧራ ለብሳ ተቀምጣለች። ባለ ሱቁ ትልቁን ከነካርቶኑ ከመለስኩ እንደሚቀይርልኝ ነገረኝ። "ከወንድሜ ጋር መጥቼ እወስዳታለሁ" አልኩት። "ወንድም አለህ?" አለኝ። "አለኝ" አልኩና ወጣሁ። ያ ቱታ የለበሰው ሰውዬ ነው የምትለዋ ቃል ከአፌ አልወጣ አለች። በሩ ላይ ደርሼ ቆምኩ፤ መመለስ እችል ነበር። አልተመለስኩም።

ከዚያ በቀጥታ ወደ ወርክሾፑ ሄድኩ። በዕድሜዬ ሁለት ጊዜ ብቻ ነው የገባሁበት። በሩ ላይ ስትደርስ ጩኸቱ ደረትህን ገፍቶ ያቆምሃል። ጋሼ ከወዲያኛው ጫፍ ቶርኖው ላይ ነው። አየኝ። ማሽኑን አላጠፋም። የምለውን መንገድ ላይ አዘጋጅቻለሁ፤ ጋሼ፣ ወራዳ ነኝ፣ ይቅር በለኝ፤ እግሩ ላይ መውደቅ ካስፈለገም እወድቃለሁ።

ከመሐል ብየዳ ላይ የሚሠራ፣ ብልጭታ የሚሉት ጓደኛው መነጽሩን አነሣና ወደ ጋሼ አፉን አንቀሳቀሰ። በአገጩ እኔን ነው የሚያሳየው፤ ይሄ ማነው ማለቱ ነው። ጋሼም አፉን አንቀሳቀሰ። ሁለት ቃል፣ ቢበዛ ሦስት። ማንበብ አልቻልኩም። ተሸካሚ ነው ብሎት ይሆናል አልኩ። የማላውቀው ሰው ነው ብሎትም ይሆናል። ይገባኛል። እንዲያውም እንደዚያ ቢልልኝ ብዬ ተመኘሁ፤ እኩል እንሆን ነበር።

ብልጭታ ጓንቱን አውልቆ መጣና እጄን በሁለት እጁ ያዘኝ። ጆሮዬ ሥር ገብቶ ጮኸ።

"ወንድሙ ነህ ለካ! ሙዚቀኛው!"

ራሴን ነቀነቅሁ።

"አንተማ የኛ ሰው ነህ! ነግሮናል እኮ! ሱቁ ውስጥ በእነዚያ ትላልቅ ሰዎች ፊት 'ታላቅ ወንድሜ ነው፣ እሱ በእጁ ካልመረጠልኝ አልገዛም' አልካቸው አሉ! ሦስት ሳምንት ሙሉ የሚያወራልን ይህንኑ ነው፤ ሰለቸን! ባለ ሱቁ ወንበር ሁሉ አቀረበለት አሉ! እውነት እንደዚያ አልክ?"

ዙሪያዬን አየሁ። በየማሽኑ ያሉት ሰዎች ሥራቸውን ሳያቋርጡ ዓይናቸውን እኔ አፍ ላይ አድርገዋል። ሁሉም ማንበብ ይችላሉ። የመጣሁት ጥፋቴን ልናገር ነበር። አሁን ብናገረው ጋሼን በጓደኞቹ ፊት ውሸታም ማድረጌ ነው፤ እኔ የነፈግሁትን ክብር ለራሱ ሰፍቶ ለብሶታል፣ እሱንም ልገፈው ነው። ዝም ብዬ ምስጋናውን መቀበል ነበረብኝ። እንደዚያ የከበደኝ ነገር በሕይወቴ የለም።

ጋሼም ያየኛል። እጁ ማሽኑ ላይ ነው፣ ዓይኑ አፌ ላይ።

ፊቴን ወደ እሱ አዞርኩ። "አዎ" አልኩ፣ አፌን ቁልጭ አድርጌ። "ታላቅ ወንድሜ ነው። የመረጠልኝ እሱ ነው።"

ብልጭታ ጀርባዬን እየመታ ሳቀ። ጋሼ ከማዶ አፉን አንቀሳቀሰ። አጭር ነገር ነው ያለው፤ አላነበብኩትም። ብልጭታን "ምን አለ?" ብዬ ጠየቅሁት።

"'እሺ፣ ጌታዬ' ነው ያለህ" አለኝ፣ በሳቅ እየተንፈቀፈቀ። "ጌታዬ ነው እንዴ የሚልህ? ቤታችሁ እንዲህ ነው የምትጫወቱት?"

ጋሼ ወደ ብረቱ ጎንበስ ብሏል። የፈረቃው ማብቂያ ገና ሁለት ሰዓት ይቀረው ነበር፤ ሁሉም እያዩኝ እዚያው በሩ ላይ ቆሜ ጠበቅሁት።